ሁለተኛው ቢጫ ካርድ፦ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሥራ የቱ ጋ ነው?

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፉ። ነጥባቸው 13 ደረሰ። አንድ ጨዋታ እየቀረ ምድቡን በመሪነት አጠናቀቅን ተብሎ ከተማው በጡሩምባና በጭፈራ ተናወጠ። ደስታው አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው የፊፋ መግለጫ መጣ። ከስምንት ቀን በፊት፣ ሰኔ 1፣ ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን 2 ለ 1 በረታንበት ጨዋታ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፏል የሚል ነበር። አማካዩ ምንያህል ተሾመ በማጣሪያው ቀደም ባሉ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ስለነበር ያንን ጨዋታ ማረፍ ነበረበት። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ውጤቱ ተሰርዞ ቦትስዋና 3 ለ 0 እንዳሸነፈች ተቆጠረ፣ 6 ሺህ የስዊዝ ፍራንክ ቅጣት ተጨመረ፣ 13ቱም ነጥብ 10 ሆነ።

እግዜር ይስጣቸውና ተጫዋቾቹ ጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካን ኮንጎ ላይ በገለልተኛ ሜዳ 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን ዳግመኛ አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ የብራዚሉን መንገድ ዘጋችው። ያ የኳስ ሽንፈት ነው፤ የሰኔው ግን የቢሮ ሽንፈት ነበር።

ፌዴሬሽን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አሰልጣኝ የሚቀጥርና የሚያሰናብት፣ ብሔራዊ ቡድን ሲሸነፍ የሚሰደብ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው በአብዛኛው ግን መዝገብ ነው፤ ማን ተጫዋች እንደሆነ፣ የማን ተጫዋች እንደሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ውሉ ምን እንደሚል፣ ስንት ካርድ እንዳለበት፣ ሜዳው ማን እንደፈተሸው። ኳሳችን ክፉኛ የተጎዳባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ብናነሳ አብዛኞቹ ከእነዚህ መዝገቦች አንዱ የጎደለባቸው ናቸው።

የካርዱን ጉዳይ ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። ዳኛው ያሳየውን ካርድ በሪፖርቱ ያሰፍራል፣ የጨዋታው ኮሚሽነርም በራሱ ሪፖርት ያረጋግጣል፣ ሁለቱም ወደ ውድድሩ ባለቤት ይሄዳሉ። በአንድ ውድድር ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ላይ ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ ያርፋል። ነገሩ የሚሳተው እዚህ ጋ ነው። ቅጣቱ በራሱ ጊዜ የሚጸና ስለሆነ ደብዳቤ አይጠብቅም። «ማስታወቂያው አልደረሰንም» ወይም «ደርሶ ፋይል ውስጥ ቀረ» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ የራሱን ሠንጠረዥ መያዝ አለበት፤ በአንድ ረድፍ የተጫዋቹ ስም፣ በሌላው እያንዳንዱ ጨዋታ በቀኑ፣ በመገናኛው ላይ ካርዱ። ከ30 ስም የማይበልጥ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነገር ነው። ከጨዋታው በፊት ሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ ለምሳሌ የቡድን መሪውና የጽሕፈት ቤቱ የውድድር ባለሙያ፣ ለየብቻ አይተው ይፈርሙበታል። በማጣሪያ ላይ አደጋው የሚበዛው በሁለት ካርዶች መካከል ስምንትና ዘጠኝ ወር ስለሚያልፍ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የወዳጅነት ጨዋታ አለ፣ የአፍሪካ ዋንጫ አለ፣ የቡድን መሪውም ሊቀየር ይችላል። የአንዱ ውድድር ካርድ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። በሰው አእምሮ የሚያዝ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ይህ መሥሪያ ቤት በሕግ ምንድን ነው? የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን፣ ከ14 ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት አራት አገሮች የአንዱ ፌዴሬሽን ነው፤ ሌሎቹ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅቶ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አስቀርቷል። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ይህን ታሪክ የማያውቅ የኳስ አፍቃሪ የለም፤ እዚህ የማነሳው ለናፍቆት አይደለም። ያ ትውልድ ከተጫዋችነቱ ሌላ ደንብ ጸሐፊም ነበረ። የአህጉሩን መተዳደሪያ ደንብ ያረቀቁ ሰዎች አገር መዝገብ መያዝ ሲያቅታት ማየት ግን ያስተዛዝባል።

ፌዴሬሽኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የአባላቱ ማኅበር ነው። አባላቱ ክለቦች፣ የክልልና የከተማ አስተዳደር ፌዴሬሽኖች፣ የዳኞች፣ የአሰልጣኞችና የተጫዋቾች ማኅበራት ናቸው። እነሱ በጠቅላላ ጉባኤ ይሰበሰባሉ፣ ፕሬዚዳንትና ሥራ አስፈፃሚ ይመርጣሉ፣ በጀትና ኦዲት ያጸድቃሉ። የዕለት ሥራውን የሚሠራው በዋና ጸሐፊው የሚመራው ጽሕፈት ቤት ነው። ከሁለቱ ጎን የዲሲፕሊንና የይግባኝ ሰሚ ኮሚቴዎች አሉ፤ እነዚህ ከሥራ አስፈፃሚው ነፃ ሆነው እንዲወስኑ ይጠበቃል። በተግባር ድንበሩ በተደጋጋሚ ይጣሳል። የሥራ አስፈፃሚ አባል የዳኛ ምደባ ላይ ሲገባ፣ ዋና ጸሐፊው ደግሞ ፕሬዚዳንቱን ሳይጠይቅ አንድ ደብዳቤ መፈረም ሲፈራ ሥራው ይቆማል። የዝውውር መስኮት፣ ማለትም ክለቦች አዲስ ተጫዋች የሚያስመዘግቡበት የተወሰነ ጊዜ፣ ደግሞ የማንንም ስብሰባ አይጠብቅም።

ከመንግሥት ነፃ መሆን የሚለው ሐረግ በእኛ አገር የሚያስከትለው ግራ መጋባት ብዙ ነው። ፊፋ አባል ፌዴሬሽኖቹ ጉዳያቸውን በራሳቸው እንዲመሩ፣ አመራራቸውም በምርጫ ወይም በውስጥ ሹመት ብቻ እንዲሰየም ያስገድዳል። ይህ ማለት ግን መንግሥት የሰጠውን ብር ኦዲት ማድረግ፣ ወንጀል ካለ መክሰስ፣ የስታዲየም ደኅንነት መቆጣጠር አይችልም ማለት አይደለም። የማይችለው አመራር ማንሳትና መሾም ነው። በ2000 ዓ.ም የሆነው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። በወቅቱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ከኃላፊነት ተነሱ ሲባል ፊፋ አልተቀበለውም። በየካቲት ላይ ከስምምነት የተደረሰበት የመፍትሔ ሰነድ ነበር፤ ሰነዱ ሳይከበር ቀረና በሐምሌ 2000 ዓ.ም አገሪቱ ታገደች። ከሞሮኮ፣ ከሩዋንዳና ከሞሪታኒያ ጋር የነበረችበት የ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድብ ውስጥ ስሟ ተፋቀ፣ የተጫወተቻቸው ጨዋታዎችም እንዳልነበሩ ተቆጠሩ። ያ ማጣሪያ ለአፍሪካ ዋንጫም የሚያገለግል ስለነበር በአንድ ውሳኔ ሁለት ውድድር ሄደ።

ዕገዳ ሲባል ብሔራዊ ቡድኑ አይጫወትም ማለት ብቻ የሚመስለው አለ። ክለቦች ከአህጉር ውድድር ይወጣሉ፣ ዳኞች በውጭ ጨዋታ አይመደቡም፣ የፊፋ ገንዘብ ይቋረጣል፣ ሥልጠናው ይቆማል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ታግዳ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተለቀቀች፤ አብራት የታገደችው ዚምባብዌ እስከ ሴፕቴምበር 2023 ቆየች። የሁለቱም ምክንያት የመንግሥት ጣልቃ ገብነት ነበር። ሕንድ ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በፍርድ ቤት የተሰየመ ኮሚቴ ፌዴሬሽኑን በመያዙ ታግዳ በአሥር ቀን ገደማ ተመለሰች።

የእኛን ነገር የሚያወሳስበው ግን ሌላ ነው። በፕሪሚየር ሊጉ ያሉትን ክለቦች ዘርዝሯቸው፤ አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደር፣ የዞን፣ የክልል፣ የመከላከያ ወይም የመንግሥት ድርጅት ናቸው። የክለቡ የበላይ ጠባቂ ከንቲባው ነው፤ ሥራ አስኪያጁም የተሾመው በከንቲባው ነው። በጠቅላላ ጉባኤው የድምፅ መስጫ ካርድ የሚያነሳው ይኸው ሥራ አስኪያጅ ነው። የክልል ፌዴሬሽኑ በጀትም የሚመጣው ከክልሉ ስፖርት ቢሮ ነው። በ2010 ሠመራ ላይ፣ በ2014 ጎንደር ላይ በተደረጉት ምርጫዎች ሳምንታት የፈጀው ክርክር የትኛው ክልል ማንን ወከለ የሚለው ነበር። በወረቀት ላይ ደንቡ ንጹሕ ነው። ድምፅ ሰጪው ግን በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር ሆኖ ሳለ ነፃነቱን ከየት ያመጣል? ፊፋ የሚያየው ፕሬዚዳንቱን ማን እንዳነሳው ነው፤ ማን እንዳስመረጠው አይመረምርም። ለዚህም ነው ጣልቃ ገብነትን በዕገዳ ማስፈራሪያ ብቻ ማስቆም የማይቻለው። ክለቦች የራሳቸው ገቢና የራሳቸው ባለቤት እስኪኖራቸው ድረስ ጉባኤው የሹማምንት ስብሰባ ሆኖ ይቀጥላል።

ገንዘቡ

ፊፋ ለአባላቱ በሚሰጠው የልማት ፕሮግራም ከ2023 እስከ 2026 ባለው ዙር አንድ ፌዴሬሽን ለሥራ ማስኬጃ በዓመት እስከ 1.25 ሚሊዮን ዶላር፣ ለፕሮጀክት ደግሞ በአራቱ ዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። ለጉዞና ለቁሳቁስ ድጋፍ የሚሹ አገሮች ተጨማሪ አላቸው። «እስከ» የምትለዋ ቃል ልብ ይሏታል። ዓመታዊ ሒሳብ በውጭ ኦዲተር ካልተመረመረ፣ የሴቶችና የታዳጊዎች ውድድር በተጨባጭ ካልተካሄደ፣ የቴክኒክ ዳይሬክተር ካልተቀጠረ ሙሉው አይለቀቅም። የፕሮጀክቱ ገንዘብም የሚወጣው የመሬት ሰነድ፣ የግንባታ ውልና የጨረታ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። እኛ አገር ደግሞ የመሬት ሰነዱ ከስንት ቢሮ እንደሚያልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገንዘቡ ፊፋ ጋ ዙሪክ ተቀምጦ ሜዳው ሳይሠራ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የፕሪሚየር ሊጉ ገቢ ደግሞ ሌላ ኪስ ነው። ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሊጉን የሚመራው በክለቦቹ የተቋቋመው አክሲዮን ማኅበር ነው። የቴሌቪዥን መብቱን ለአምስት ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ለመልቲቾይስ ሸጦ ኳሳችን በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ። ፌዴሬሽኑ ከዚያ በኋላም ዳኞችን፣ የተጫዋቾች ምዝገባን፣ ከሊጉ በታች ያሉ ውድድሮችንና የሴቶችን ሊግ ይዟል። ሰው ሊጉ ላይ የሚያየውን ጥፋት ሁሉ ወደ ፌዴሬሽኑ ማሻገሩ በዚህ ምክንያት ትክክል አይሆንም፤ ቡድኖች ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት የሚጫወቱበትን አሠራር እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በኮሮና ጊዜ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተፈራረቁ ሲያስተናግዱ የተጀመረ ነው። ለቀረጻ ይመቻል፣ መብራትና ካሜራ በየከተማው ማዞር ያስቀራል፣ የጉዞ ሥጋትንም ይቀንሳል። ዋጋው ግን የሚከፈለው ከክለቡ ካዝና ነው። ሙሉ ቡድን ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣል፣ የትኬት ገቢ የለም፣ የአርባ ምንጭ ልጅ የከተማውን ቡድን በቴሌቪዥን ካልሆነ አያየውም። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ሆቴሉን ይሸፍናል ወይ ብሎ ሒሳቡን በአደባባይ ያስቀመጠ የለም።

ውልና የደመወዝ ጣሪያ

በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ዓላማው ግልጽ ነበር። የሕዝብ በጀት የሚበሉ ክለቦች እርስ በርስ ዋጋ እያናሩ ነበርና ማስቆም አስፈለገ። የተከተለው ደግሞ ገበያን በመመሪያ ለማሰር ሲሞከር ሁልጊዜ የሚከተለው ነው። ፌዴሬሽን ጋ የሚመዘገበው ውል 50 ሺህ ይል ነበር፤ ቀሪው በሌላ ወረቀት፣ በቤት ኪራይ ስም ወይም በእጅ ይሰጥ ነበር። ክለቡ ሲደኸይ የሚቆመው መጀመሪያ ይሄኛው ክፍያ ነበር። ተጫዋቹ ሲከስ የሚያቀርበው የተመዘገበው ውል ብቻ ስለሆነ ሌላውን ማስረዳት አይችልም ነበር። በመጨረሻ ጣሪያው ክለቦችን ከወጪ ሳያድን ተጫዋቹን ማስረጃ አሳጣው።

የዓለም አቀፉ የዝውውር ደንብ በደመወዝ ላይ ግልጽ ነው። ክለቡ በሕገ ወጥ መንገድ ሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ልምምድ ማቆም መጀመሪያ ከመጣና ማስጠንቀቂያው ኋላ ከተጻፈ ጥፋተኛው ተጫዋቹ ይሆናል። እኛ ጋ በተደጋጋሚ የሚታየው ይህ ነው። ልጆቹ በቡድን ያድማሉ፣ ሆቴል ጥለው ይወጣሉ፣ ደብዳቤ የጻፈ ግን የለም። የክፍያ ማስረጃም የላቸውም፤ ምክንያቱም ደመወዝ የሚወስዱት በፔሮል ፈርመው ነው፣ ኮፒው የሚቀረው ክለቡ ጋ ነው። ተጫዋቾች የባንክ መግለጫቸውን በየሦስት ወሩ አውጥተው ቢያስቀምጡ ግማሹ ክርክር ባልኖረ ነበር።

ፌዴሬሽኑ እዚህ ያለው ኃይል የምዝገባ ማኅተሙ ነው። ዕዳ ያለበትን ክለብ በቀጣዩ መስኮት አዲስ ተጫዋች አላስመዘግብህም ማለት ይችላል። ፊፋም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ውሳኔውን ያልፈጸመ ክለብ እስከ ሦስት መስኮት ድረስ ከማስመዝገብ ይታገዳል። የአገር ውስጡ ማኅተም ግን «ይከፍላል፣ ቃል ገብቷል» በሚል ደብዳቤ ይለዝባል። የክለብ ላይሰንስም እንዲሁ ነው። ለአፍሪካ ውድድር የሚሄድ ክለብ በስፖርት፣ በመሠረተ ልማት፣ በሰው ኃይል፣ በሕግና በፋይናንስ መስፈርቶች ይፈተሻል፤ የታዳጊ ቡድን፣ የሚመጥን ላይሰንስ ያለው አሰልጣኝ፣ የተመረመረ ሒሳብ ይጠየቃል። ፈቃዱን የሚሰጠው ፌዴሬሽኑ ነው። ሻምፒዮን የሆነውን ክለብ «አላሟላህም» ብሎ ማስቀረት ደግሞ ወኔ ይጠይቃል።

ሜዳው የማን ነው

ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያ ጋናን «በሜዳዋ» አስተናግዳ 1 ለ 1 ተለያየች፤ ጨዋታው የተካሄደው ጆሃንስበርግ ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ሊሎንግዌ ላይ። እንደዚያ ያለ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚለው ቁጭት እስካሁን አልወጣልንም። ከዚያም ወዲህ ቡድኑ ታንዛኒያና ሞሮኮ ውስጥ ባለሜዳ ተብሎ ተጫውቷል።

ካፍ አገር አያግድም፤ የሚያየው ስታዲየሙን ነው፤ መስፈርቱን ያላሟላ ሜዳ ላይ አያጫውትም። ፌዴሬሽኑ ሜዳውን ያቀርባል፣ መርማሪ ይመጣል፣ ሣሩን፣ መልበሻ ክፍሎቹን፣ ቁጥር ያለው የተናጠል መቀመጫውን፣ መብራቱን፣ የሕክምናና የዶፒንግ መመርመሪያ ክፍሉን፣ የተመልካች መግቢያና መውጫውን፣ የጋዜጠኞችን ቦታ ዘርዝሮ ሪፖርት ይጽፋል። ባለቤቱ ግን ከተማው፣ ክልሉ ወይም የፌዴራል መንግሥቱ ነው። ሪፖርቱ ለፌዴሬሽኑ ይደርሳል፣ ብሩ ያለው መንግሥት ጋ ነው፣ ግንበኛው ደግሞ በሌላ ውል ተቀጥሯል። በየክልሉ የተገነቡት ትላልቅ ስታዲየሞች ችግር ከዚህ ይነሣል። መጀመሪያ የተሠራው የሚታየው ነው፣ ማለትም የተመልካች ደረጃው፤ መልበሻ ክፍል፣ የውኃ ማፍሰሻ፣ መብራትና መቀመጫ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ተባለ። ሁለተኛው ምዕራፍ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። ሣር ከተተከለ በኋላ ውኃ የሚያጠጣ፣ የሚያጭድ፣ አሸዋ የሚያለብስ ቋሚ ባለሙያ በጀት ካልተያዘለት በአንድ ክረምት ይበላሻል።

ፌዴሬሽኑ ስታዲየም አይገነባም፣ አቅሙም የለውም። ይሁንና ከጥፋተኝነት ነፃ አይሆንም። የካፍ መስፈርት ምስጢር አይደለም፤ የመጀመሪያው ንድፍ ላይ እያለ ለባለቤቱ ማስረዳት፣ የፍተሻ ሪፖርቱንም ለሕዝብ ማሳወቅ የእሱ ሥራ ነበር። የጎደለው አምስት ነገር ይሁን ሃምሳ ሳናውቅ ነው ዓመታት ያለፉት።

ዳኞችን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ መዝገቡ በአንጻራዊነት የሠራበት ቦታ ነውና። ባምላክ ተሰማ ለሁለት ተከታታይ የዓለም ዋንጫዎች፣ ሊዲያ ታፈሰ ለሴቶች የዓለም ዋንጫ የተመረጡት በየዓመቱ ስማቸው በትክክል ተላልፎ፣ የአካል ብቃት ፈተናቸውን አልፈው፣ ኮርሱን በጊዜው ወስደው ነው።

ስም፣ ልደት፣ ፓስፖርት

በጣም የማይወራለትን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ከ2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን ተጫዋቾቹን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንዲያስገባና ለእያንዳንዱ የፊፋ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ደንቡ ያስገድዳል። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። አንድ ተጫዋች በውሉ ዘመን ውስጥ ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላ ዋጋው 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ። አንድ የወላይታ ወይም የጅማ የታዳጊ ክለብ ልጁን ከ14 እስከ 18 ዓመቱ ቢይዘው፣ ልጁም በኋላ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ ድርሻው 2 በመቶ፣ ማለትም 20 ሺህ ዶላር ይሆናል። ይህን የሚያከፋፍለው የፊፋ የክፍያ ማዕከል ነው፤ የሚሰላው ግን ከተጫዋቹ የምዝገባ ታሪክ ነው። ታሪኩን የሚያወጣው ፌዴሬሽኑ ነው። ክለቡ የፌዴሬሽን አባል ካልሆነ፣ ወይም ልጁ በ14 ዓመቱ ካልተመዘገበና መዝገቡ የሚጀምረው ፕሪሚየር ሊግ ከገባበት ቀን ከሆነ ያ ገንዘብ የለም።

የእኛ መዝገብ የሚሳትባቸው ቦታዎችም የእኛው ናቸው። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጥር 1995 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2003 ነው የተወለደው፤ ኅዳር 1995 የተወለደው ደግሞ 2002። ሰባት ወይስ ስምንት ዓመት እንደሚደመር ያልለየ ጸሐፊ ልጁን አንድ ዓመት ያስረጀዋል፣ ወይም ያለ አግባብ ያሳንሰዋል። የዕድሜ ውድድር መቁረጫው ጃንዋሪ 1 ስለሆነ ስህተቱ በቀጥታ ከቡድን ያስወጣል። ሁለተኛው ስም ነው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ይመጣል፣ የክለብ መታወቂያ ላይ የአባት ብቻ። ያውም በላቲን ፊደል «ፀ»ን አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል። ለኮምፒውተሩ ሦስት ልጆች ናቸው። ሦስተኛው ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው፤ የልደት ካርድ እንደገና ማውጣት። ከ17 ዓመት በታች ውድድር የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ከገባ ወዲህ ወረቀቱ ብቻውን አያድንም። አጥንቱ ተጣብቆ፣ ማለትም ዕድገቱን ጨርሶ፣ ከተገኘ ልጁ ይቀራል፤ ቡድኑ ቀድሞ ካልፈተሸም ዋዜማው ላይ አሰላለፉ ይፈርሳል።

በዚህ መዝገብ በኩል የዳያስፖራውም ነገር ይመጣል። ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ያደገ ጎበዝ ልጅ ለምን አይጠራም የሚለው ጥያቄ በየማጣሪያው ይነሳል። ፊፋ የሚጠይቀው ቋሚ ዜግነት ነው፤ የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ውጭ ያሉ ሰዎች ቢጫ ካርድ የሚሉት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ለማሊያ ግን አይበቃም። ልጁ የስዊድን ወይም የአሜሪካ ፓስፖርቱን ትቶ የኢትዮጵያን መያዝ አለበት፤ አውሮፓ ውስጥ ለሚጫወት ሰው ይህ ከሥራ ፈቃዱ ጋር መጫወት ነው። ለሌላ አገር በታዳጊ ደረጃ ተሰልፎ ከነበረ ደግሞ የፌዴሬሽን ለውጥ ማመልከቻ በፊፋ መጽደቅ አለበት። ይህን ሳያጣሩ ስም ዝርዝር ለጋዜጠኛ መስጠት በኋላ «ለምን አልመጣም» ለሚለው ወሬ በር ይከፍታል።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጅ የሚያነሳ ሰው ሦስት ቁጥር ቢጠይቅ እጅግ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። በዚህ ዓመት ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ስንት ልጆች የፊፋ መለያ ቁጥር አገኙ? ከተመዘገቡት ውሎች ስንቱ ላይ የደመወዝ ክስ ቀረበ፣ በስንት ቀንስ ተወሰነ? ከፊፋ ሊገኝ ከሚችለው ገንዘብ ስንቱ ተለቀቀ፣ የቀረውስ በየትኛው ሰነድ ጉድለት ቀረ? ሦስቱም መልሶች በአንድ ገጽ ይጻፋሉ፤ የካርድ ሠንጠረዡም በአንድ ገጽ ይያዝ ነበር።